ለሳል የተነሡት ራጅ ሌላ ነገር ሲያሳይ

ለትኩሳትና ለሳል ተብሎ በተነሣ የደረት ራጅ ወይም ሲቲ ስካን ላይ፣ ከሳንባ ምች (ኒሞኒያ) ሌላ ማንም ያልጠበቀው ትንሽ ክብ ጥላ ሊታይ ይችላል፤ በኮቪድ-19 ምክንያት ሲቲ ስካን ከተነሡ ሰዎች መካከልም ይህ የገጠማቸው አሉ። እንዲህ ያለው ጥላ አብዛኛውን ጊዜ ካንሰር አይደለም። ይሁን እንጂ ገና ምልክት ያላሳየና በቀዶ ሕክምና ሊወጣ የሚችል የሳንባ ካንሰር ከሚገኝባቸው መንገዶች አንዱ ይኸው ስለሆነ፣ ትኩሳቱ በመድኃኒት ሲለቅ ጥላውም አብሮ እንዳይረሳ መጠንቀቅ ያስፈልጋል።

በመጀመሪያ ፊልሙን ወይም ሲዲውን ከራዲዮሎጂስቱ (ፊልሙን ከሚያነበው ሐኪም) የጽሑፍ ውጤት ጋር ተቀብለው ያስቀምጡ። በአገራችን ውጤቱ የሚጻፈው በእንግሊዝኛ ስለሆነ፣ ሐኪምዎ የማጠቃለያውን ክፍል በአማርኛ እንዲያስረዱዎት ይጠይቁ፤ በተለይ የጥላው ስፋት ስንት ሚሊ ሜትር እንደሆነና መቼ ተመልሰው መታየት እንዳለብዎት ሳያውቁ አይውጡ። ከዓመታት በፊት የተነሡት ፊልም ቤት ካለ ይዘውት ይቅረቡ። ጠጣር ጥላ (ድፍን ሆኖ የሚታይ) ለ2 ዓመት ሳያድግ ከቆየ ካንሰር የመሆን ዕድሉ በጣም አነስተኛ ስለሆነ፣ አንድ የድሮ ፊልም ብዙ ምርመራ ሊያስቀር ይችላል።

ጥላው የታየው በራጅ ብቻ ከሆነ፣ የሳንባ ምች ራሱ ጥላ ስለሚፈጥር ከ6 ሳምንት ገደማ በኋላ ራጁ ይደገማል፤ ዕድሜያቸው ከ50 በላይ የሆነ ወይም የሚያጨሱ ሰዎች ይህን ቀጠሮ ሊያሳልፉ አይገባም። ያልጠፋው በሲቲ ስካን ይታያል። የደረት ምስል ሐኪሞች ዓለም አቀፍ ማኅበር የሆነው የፍላይሽነር ማኅበር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2017 ያወጣው መመሪያ፣ ዕድሜያቸው 35 እና ከዚያ በላይ ለሆነ፣ ካንሰር ለሌለባቸውና የሰውነት መከላከያቸው ላልተዳከመ ሰዎች፣ ከ6 ሚሊ ሜትር ያነሰ ነጠላ ጠጣር ጥላ ለሳንባ ካንሰር ያላቸው ተጋላጭነት ዝቅተኛ ከሆነ ክትትል አያሻውም ይላል። ከ6 እስከ 8 ሚሊ ሜትር የሆነው ከ6 እስከ 12 ወር ባለው ጊዜ በሲቲ ስካን እንደገና ይታያል፤ ከ8 የበለጠው ደግሞ በ3 ወር ይደገምለታል፣ አለዚያም ፔት ስካን (ካንሰርን ለመለየት የሚረዳ የምስል ምርመራ) ወይም ከጥላው ናሙና ተወስዶ የሚደረግ ምርመራ ይታሰብለታል።

በአገራችን ነገሩን የሚያወሳስበው የሳንባ ነቀርሳ፣ ማለትም ቲቢ ነው። የዳነ ቲቢ የተወው ጠባሳ ካንሰር ሊመስል፣ ካንሰርም ቲቢ ሊመስል ይችላል። ስለዚህ በጂንኤክስፐርት የአክታ ምርመራ ቲቢ ሳይገኝበት የቲቢ መድኃኒት የጀመረና ለውጥ ያላየ ሰው፣ መድኃኒቱን በራሱ ፈቃድ ሳያቋርጥ፣ ከጥላው ናሙና ይወሰድልኝ ብሎ በግልጽ መጠየቅ አለበት። ይህን ጥያቄ ሐኪምን እንደ መድፈር ቆጥሮ ዝም ያለ ሕመምተኛ ወራት ሲያልፉበት ማየት እጅግ ያሳዝናል።

በአክታዎ ደም ከታየ፣ ክብደትዎ ያለ ምክንያት ከቀነሰ ወይም ድምፅዎ ጎርንኖ ከ3 ሳምንት በላይ ከቆየ፣ የቀጠሮው ቀን ገና ቢሆንም ሳይጠብቁ ወደ ሐኪምዎ ይመለሱ።