ሰርቨሩ ተነስቷል፣ ጓደኛ ግን መግባት አልቻለም

የማይንክራፍት ጃቫ ሰርቨር ከፍታችሁ እናንተ ገብታችኋል። ጓደኛችሁ ጋ ግን "ኮኔክሽን ታይምድ አውት" ይላል። የመጀመሪያው ምክር ሁሌም "ፋየርዎሉን አጥፋው" ነው። አትስሙ። ፋየርዎል ያልተፈቀደ ግንኙነትን የሚያግድ ዘበኛ ነው፤ እሱን ማጥፋት ሌባ ፈርቶ የቆለፉትን በር ለአንድ እንግዳ ሲባል ነቅሎ መጣል ነው።

መጀመሪያ መልእክቱን በደንብ አንብቡ። "ሪፊዩዝድ" ካለ ብዙ ጊዜ ሰርቨሩ አልተነሳም፣ ወይም የፖርት (ግንኙነቱ የሚገባበት በር) ቁጥሩ ተሳስቷል። "ታይምድ አውት" ካለ ግን ጥያቄው መንገድ ላይ ቀርቷል። ፋየርዎል ጠባዩ እንዲህ ነው፤ "አይቻልም" ብሎ አይመልስም፣ ዝም ብሎ ይውጣል። የት እንደተዋጠ ለማወቅ ከቤት ጀምራችሁ ወደ ውጭ ፈትሹ።

በዚያው ዋይፋይ ላይ ያለ ሌላ ኮምፒውተር በ192.168 በሚጀምረው አድራሻችሁ ሞክሮ ካልገባ፣ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ ያለው ሰርቨሩ ባለበት ኮምፒውተር ላይ ነው። እኔ አንድ ሌሊት ሙሉ ራውተር ስነካካ ያደርኩት ይህን ሳልፈትሽ ነው። ለካ ሰርቨሩን መጀመሪያ ስከፍት ዊንዶውስ "ይፈቀድ?" ብሎ ሲጠይቀኝ፣ ቸኩዬ "ካንስል" ብያለሁ። ካንስል ማለት ደግሞ "ቆይ በኋላ" ማለት አይደለም። ዊንዶውስ ለዚያ ፕሮግራም የክልከላ ሩል (ደንብ) ይጽፋል። ከዚያ በኋላ ፖርቱን የሚፈቅድ ሩል ብትጨምሩም ክልከላው ያሸንፋል።

ስለዚህ በስታርት መፈለጊያ "ዊንዶውስ ዲፌንደር ፋየርዎል" ብላችሁ አድቫንስድ ሴቲንግስ ግቡ። ኢንባውንድ ሩልስ (ከውጭ ለሚገቡ ግንኙነቶች የተጻፉ ሩሎች) ውስጥ የጃቫን ስም ፈልጉ፤ "ኦፕንጄዲኬ ፕላትፎርም ባይነሪ" ተብሎም ሊጻፍ ይችላል። ቀይ ምልክት ያለበትን አጥፉ። አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ናቸው፣ አንዱ ለቲሲፒ ሌላው ለዩዲፒ (ሁለቱ የመረጃ መላላኪያ ስልቶች ናቸው)። ከዚያ ኒው ሩል፣ ፖርት፣ ቲሲፒ፣ 25565፣ አላው። ፕሮፋይሉ ላይ ፕራይቬት ይበቃል።

እዚህ ላይ ሌላ ወጥመድ አለ። ዋይፋያችሁ "ፐብሊክ" ተብሎ ከተመዘገበ የፕራይቬቱ ሩል አይሠራም። ራውተር ስትቀይሩ ለዊንዶውስ አዲስ ኔትወርክ ነው፤ እንደገና ፐብሊክ ሊያደርገው ይችላል። ኔትወርክ ሴቲንግስ ገብታችሁ ወደ ፕራይቬት መልሱት። የራሱ ፋየርዎል ያለው አንቲቫይረስ ካላችሁ እዚያም ፍቀዱ።

ቤት ውስጥ ይሠራል፣ ከውጭ እምቢ አለ? እንግዲህ ተራው የራውተሩ ነው። ፖርት ፎርዋርዲንግ ላይ 25565 ቲሲፒን ወደ ኮምፒውተራችሁ አድራሻ ምሩት። "ትናንት ይሠራ ነበር" የሚባለው በሽታ ምንጩ ብዙ ጊዜ የኮምፒውተሩ አድራሻ መቀየሩ ነው። ራውተሩ ላይ ለኮምፒውተሩ ቋሚ አድራሻ ያዙለት። ጨዋታው ሌላ ከሆነ ቁጥሩም ሌላ ነው፤ ለቤድሮክ (ሌላው የማይንክራፍት ዓይነት) 19132፣ ለቫልሃይም 2456 እና 2457፣ ሁሉም ዩዲፒ። ስትሞክሩ በሞባይል ዳታ ይሁን። በቤታችሁ ዋይፋይ ሆናችሁ የውጭ አድራሻችሁን ብትሞክሩ፣ ብዙ ራውተር መልሶ አያስገባችሁም።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ካልሆነ፣ የራውተሩን የዋን (የውጭ በኩል) አድራሻ "አይፒዬ ስንት ነው" የሚሉት ሳይቶች ከሚያሳዩት አድራሻ ጋር አስተያዩ። ካልተመሳሰሉ፣ ወይም የራውተሩ ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው ውስጥ የሚጀምር ከሆነ፣ ብዙ ጊዜ የኢንተርኔት አቅራቢያችሁ አንዱን አድራሻ ለብዙ ደንበኛ እያካፈለ ነው። በሩ እናንተ ጋ ስላልሆነ የትኛውም ሩል አይከፍተውም። ወይ ፐብሊክ አይፒ (ለብቻችሁ የሆነ የውጭ አድራሻ) ጠይቁ፣ ወይ ቴይልስኬል የሚባለውን፣ ኮምፒውተሮችን በግል መስመር የሚያገናኝ ፕሮግራም በሁለታችሁም ኮምፒውተር ላይ ጫኑ። ቴይልስኬል የሚሰጠው አድራሻም በ100 ይጀምራል፤ ከዋኑ ጋር አታምታቱት። የጃቫው ክልከላ ካልጠፋ ግን በዚህም መንገድ አይገባም።