የትኛውን የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ልማር? መጀመሪያ ማስታወቂያ ቁጠሩ

«ፓይተን ይሻላል ወይስ ጃቫ?» ብላችሁ ብትጠይቁ፣ የምታገኙት መልስ ብዙ ጊዜ መላሹ ራሱ የሚሠራበት ቋንቋ ነው። እኔም በሰው ምክር ስጀምር ስተው፣ ስጀምር ስተው ብዙ ወር አቃጥያለሁ። ስለዚህ ሰው ከመጠየቃችሁ በፊት ይቺን ሞክሩ።

ልትቀጠሩበት የምትፈልጉት ገበያ ላይ የወጡ 30 የሥራ ማስታወቂያዎች ሰብስቡ። የጀማሪ ብቻ፤ «5 ዓመት ልምድ» የሚለውን እለፉት። ከዚያ ወረቀት አውጡና የተጠራውን ቋንቋ ሁሉ በጭረት ቁጠሩ። ጃቫስክሪፕት 14፣ ፓይተን 9፣ ረስት 1 ከመጣላችሁ፣ ረስት የቱንም ያህል ቢወደስ ለመጀመሪያ ሥራ አያበላችሁም። አብሮ የሚጠራውንም ጻፉ፤ ቀጣሪ ቋንቋ ብቻውን አይፈልግማ። ጃቫ ካለ ስፕሪንግ፣ ጃቫስክሪፕት ካለ ሪአክት ይከተላል፤ ሁለቱም በቋንቋው ለመሥራት የሚያግዙ ዝግጁ መሣሪያዎች ናቸው። ኤስኪውኤል (ከዳታቤዝ መረጃ የሚጠየቅበት ቋንቋ) ደግሞ ከ1970ዎቹ ጀምሮ ያለ ሽማግሌ ቢሆንም የማይገባበት የለም፣ የትኛውንም ብትመርጡ እሱን ደርባችሁ ተማሩት።

ጭረቱ ተቀራርቦ ካስቸገራችሁ የሥራው ዓይነት ይወስን። ድረ ገጽ ላይ ለዓይን የሚታየውን ክፍል ለመሥራት ጃቫስክሪፕት ግድ ነው። ብዙ ማስታወቂያ ማይክሮሶፍት በ2012 ያወጣውን ታይፕስክሪፕት ይጠይቃል፤ እሱ ግን ጃቫስክሪፕት ላይ የተደረበ ስለሆነ መጀመሪያ ሥሩን ያዙ። ዳታና ኤአይ ከሆነ ፓይተን። የአንድሮይድ አፕ ኮትሊን፣ የአይፎን ስዊፍት። ባንክና ትልልቅ ድርጅት ጃቫ ወይም ሲ ሻርፕ ይወዳሉ። እዚህ ላይ ብዙ መፈላሰፍ አያስፈልግም።

አሁንም ሁለት ቋንቋ መሃል ከቆማችሁ ሁለት ሁለት ቀን ቅመሷቸው። ለምሳሌ ጥቅስ ውስጥ ያለ 5 ላይ (ጥቅሱ ቁጥሩን ጽሑፍ ያደርገዋል) 1 ደምሩ። ጃቫስክሪፕት ምንም ሳይመስለው 51 ይሰጣችኋል። ፓይተን ግን «ጽሑፍና ቁጥር አልደምርም» ብሎ እዚያው ይቆማል። ጀማሪን የሚያሰቃየው ዝም ብሎ የሚያልፈው ስህተት ነው፤ እኔ እንዲህ ባለች ድምር አንድ ሙሉ ምሽት ፈጅቻለሁ፣ ለዚያውም ኮምፒውተሬ የተበላሸ መስሎኝ። ጃቫስክሪፕትን ተዉት ማለቴ ግን አይደለም። ጭረቱ እሱን ካለ እሱን።

ከመረጣችሁ በኋላ 6 ወር ንቅንቅ አትበሉ። በመሃል አዲስ ቋንቋ የሚያሞግስ ቪዲዮ መምጣቱ አይቀርም፣ ያማልላል፣ እለፉት። ሉፕ (ትእዛዝ መደጋገሚያ) እና ፈንክሽን (በስም የሚጠራ የትእዛዝ ስብስብ) በአንዱ በደንብ ከገባችሁ ሁለተኛው ቋንቋ ብዙ አያስቸግርም። ይልቅ ጊት (የኮዳችሁን ለውጥ የሚመዘግብ መሣሪያ) ልመዱና፣ ትንሽም ቢሆን ሰው ከፍቶ ሊሞክረው የሚችል አንድ ነገር ሠርታችሁ ጊትሀብ (ኮድ የሚቀመጥበት ድረ ገጽ) ላይ አስቀምጡ። ከቪዲዮ የተቀዳ ካልኩሌተር አይደለም፤ ቃለ መጠይቅ ላይ «ይሄን ለምን እንዲህ አደረግከው?» ስትባሉ የምትመልሱት ያለው ነገር።

6 ወሩ ሲሞላ ያቺን ወረቀት አውጡና በአዲስ 30 ማስታወቂያ ላይ እንደገና ጭረት ጀምሩ። በዚህኛው ዙር የምትቆጥሩት ቋንቋ ሳይሆን የጎደላችሁን ነው።