የመኪና ሬዲዮ ሲያፏጭ ተራራው አይወቀስ

ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ሽቅብ ሲወጣ የመኪናው መገናኛ ሬዲዮ ያፏጫል፤ ጥፋቱም ወዲያው በጦሳ ተራራ ይላከካል። ተራራ ሞገድን ያዳክማል እንጂ አያፏጭም። ነዳጅ ሲረገጥ እየቀጠነ የሚሄደው ፉጨት ከዲናሞው ነው። ከሞተሩ ዙር ጋር እየፈጠነ የሚንጣጣው ደግሞ የካንዴላ ነው፤ ኮዱ ላይ አር (R) ፊደል ባለበት ካንዴላ ይተካ። ናፍጣ ሞተር ካንዴላ የለውም፤ እዚያ ላይ ዲናሞውን፣ የስልክ ቻርጀሩንና የኤልኢዲ መብራቱን ፈትሹ።

ከሁሉ የከፋው ስህተት ስኩዌልችን፣ ማለትም ጥሪ በሌለበት ሽሽታውን ዝም የሚያሰኘውን ማስተካከያ፣ ማጥበቅ ነው። ቁልፉን አዙሮ «ዝም አለልኝ» የሚል ሾፌር ያጠፋው ጩኸቱን አይደለም፤ ደካማውን ጥሪ ነው። ወሎ ውስጥ ደግሞ ብዙው ጥሪ ገደል ለገደል ተንጸባርቆ፣ ደክሞ ነው የሚደርሰው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ፣ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ ከፍታ ላይ ናቸው፤ መሀላቸው ጥምዝና ገደል ነው። አምቡላንስ ላይ እንዲህ የታነቀ ሬዲዮ ማየት ያስቆጣል፤ ከኩታበር በኩል ወላድ ይዘው ሲጣሩ ሾፌሩ መጠራቱን እንኳ አያውቅም። ሞተሩን አጥፉ፣ ስኩዌልቹን ሙሉ በሙሉ ክፈቱ፣ ሽሽታው እስኪቆም ብቻ መልሱት፤ እዚያው ይቁም። ሞተር ሲነሳ ድምፁ ከተመለሰ መታረም ያለበት ምንጩ ነው።

የኃይል ገመድ ጩኸት የሚያጣራ ፊልተር ለመግዛት አትሩጡ። ሞተሩ እየሠራ የአንቴናውን ገመድ ከሬዲዮው ንቀሉና አዳምጡ። በዚህ ጊዜ የማይኩን ቁልፍ እንዳትጫኑ፤ ያለ አንቴና መልእክት ማስተላለፍ ሬዲዮውን ሊያቃጥል ይችላል። ፉጨቱ ካልጠፋ የሚገባው በኃይል ገመዱ ነው፤ ፊልተር የሚረዳው ያኔ ነው። ከጠፋ በአንቴናው በኩል ነው፤ ቻርጀሩን፣ መብራቱን፣ የዝናብ መጥረጊያውን አንድ በአንድ አጥፍታችሁ ለዩት። ፌራይት፣ ማለትም ገመድ ላይ ታስሮ ጩኸት የሚያፍነው ቀለበት፣ የሚታሰረው ጩኸት በሚፈጥረው ዕቃ አጠገብ ነው፤ ገመዱ ከበቃ ሁለት ሦስት ጊዜ ጠምጥሙት።

ከሲጋራ መለኮሻ ኃይል መውሰድ ይቅር። 50 ዋት ሬዲዮ ሲያስተላልፍ ከ10 አምፒር በላይ ይስባል። 6 ካሬ ሚሊ ሜትር ገመድ በቀጥታ ከባትሪ ይሳብ፤ ፊውዙ ከባትሪው ከአንድ ስንዝር አይራቅ።

24 ቮልት ባላቸው የጭነት መኪኖች ላይ ከሁለቱ ባትሪዎች በአንዱ ብቻ 12 ቮልት መጥለፍ የተለመደ ነው። አንደኛው ባትሪ ሁልጊዜ ይራባል፣ ሌላው ከመጠን በላይ ይሞላል፤ ሁለቱም ሳይቆዩ ይሞታሉ። 24ቱን ወደ 12 ቮልት የሚቀንስ ኮንቨርተር ግጠሙ፤ ግን ርካሹ ራሱ ይጮኻል። የብረት ሽፋን ያለው ይሁን፣ ከአንቴናው ገመድ ይራቅ፣ በመግቢያውም በመውጫውም ፌራይት ይደረግበት።

አንቴናን ፖርቶ መጋላ ላይ ማሰርም አይበጅም። ቦታው የጣሪያው መሀል ነው፤ ከሥሩ ቀለሙ ተፍቆ ብረቱ ከብረት ይገናኝ። ለ150 ሜጋኸርዝ የሩብ ሞገድ ዘንግ ርዝመቱ 50 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ኤስደብሊውአር፣ ማለትም ኃይል ከአንቴናው ምን ያህል እንደሚመለስ የሚያሳየው ልኬት፣ ከ2 ካለፈ ማስተላለፍ አቁሙና ገመዱን ፈትሹ፤ በር የሚጨፈልቀው ቦታ ላይ ጀምሩ።