በጣና ደሴቶች የአንድ ቀን ጉብኝት ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሁሉንም ለማየት መሞከር። ከባሕር ዳር ለሚነሣ ጎብኚ ዋነኛው ስህተት ይህ ነው። ጣና ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የሚሸፍን ሐይቅ ነው። ክብራን ገብርኤልና እንጦስ ኢየሱስ ለከተማዋ ቅርብ ናቸው፤ ወደ ዳጋ እስጢፋኖስና በደቅ ደሴት ወደሚገኘው ናርጋ ሥላሴ ግን በተለመደው የሞተር ጀልባ ሦስት ሰዓት ያህል ይኬዳል፤ መመለሻውም እንዲሁ። አምስት ገዳም የሚዘረዝር ዕቅድ የሚያሳየው የጀልባ ወንበር ብቻ ነው። አንዱን አቅጣጫ ይምረጡ። ዘጌ ባሕረ ገብ መሬት ስለሆነ በመኪናም ይደረሳል፤ በዚያ የሚገኘውን ኡራ ኪዳነ ምሕረት ገዳም ለሌላ ቀን ማቆየት ይቻላል።

እኔ የምመርጠው ናርጋ ሥላሴን ነው። በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እቴጌ ምንትዋብ ያሠሩት ክብ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ እርሳቸውም ከእመቤታችን ሥዕል ሥር ተደፍተው ሲማፀኑ ተሥለዋል። ያን ሁሉ ሥልጣን የያዘች ንግሥት በዚያ መልክ መታየትን መምረጧ ሁልጊዜ ይገርመኛል። የመቅደሱን ግድግዳ ዙሪያውን ቀስ ብለው ይዩት። ሥዕሎቹ ፊደል ላልቆጠረ ምእመን ትምህርት ነበሩና የሚያስረዳዎ ካህን ሳይኖር በሩጫ ማለፍ ትልቅ ኪሳራ ነው።

ማን እንደሚገባ አስቀድሞ አለመጠየቅ። ዳጋ እስጢፋኖስና ክብራን ገብርኤል ለሴቶች የተከለከሉ ገዳማት ናቸው። የዓፄ ዘርአ ያዕቆብና የዓፄ ፋሲል አፅም ያረፈው ዳጋ ስለሆነ ብዙዎች ቤተሰባቸውን ይዘው ይሄዳሉ፤ እናትና እኅቶች ግን ከወደቡ አያልፉም። በናርጋና በእንጦስ ሴቶችም ይገባሉ። ይህን ሳይነግር ገንዘብ የሚቀበል አስጎብኚ ያስቆጣኛል።

አርፍዶ መነሣት። ጣና ጠዋት የተረጋጋ ነው፤ ከቀትር በኋላ ነፋስ ይነሣና ማዕበሉ ትናንሽ ጀልባዎችን ያንገላታል። ሩቅ የሚሄድ ሰው ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል በፊት ወደብ ላይ ይገኝ። የሕይወት አድን ጃኬት በሰው ቁጥር ልክ መኖሩን በዓይንዎ ይዩ፤ በአካባቢው ያለውን የጸጥታ ሁኔታም በዋዜማው ያጣሩ።

ገዳሙን እንደ ሙዚየም መቁጠር። መነኮሳቱ የሚኖሩበት፣ የሚጾሙበትና የሚቀበሩበት ቦታ ነው። ጫማ ይወለቃል፤ ነጠላ ይያዛል፤ ከመጋረጃው ወዲያ አይታለፍም። በጾም ቀናት ቅዳሴው ወደ ቀትርና ከዚያ በኋላ ስለሚሆን በዚያ ሰዓት የሚደርስ ጎብኚ ቆሞ ሊጠብቅ ይገባል። ብራና መጽሐፍ ሲያወጡልዎ በእጅዎ አይንኩ፤ ለፎቶግራፍ ፍላሽ አይጠቀሙ።

የመግቢያ ክፍያ በየገዳሙ ለየብቻ ነው፤ ጥሬ ገንዘብ ዘርዝረው ይያዙ። የጀልባውን ዋጋ ሲነጋገሩም የት የት እንደሚቆምና በየቦታው ምን ያህል እንደሚጠብቅዎ አብረው ይስማሙ።