ሰራተኛችሁን ኮረንቲ እንዳይገድልባችሁ ምን ማድረግ አለባችሁ? (ለወፍጮ ቤት፣ ለእንጨት ቤት፣ ለብየዳ ቤትና ለቡና መፈልፈያ ባለቤቶች)

ጅማ ውስጥ የኤሌክትሪክ ስራ ስሰራ ብዙ አመት ሆኖኛል፣ ወፍጮ ቤት በሉት ብየዳ ቤት፣ ቡና መፈልፈያ፣ በርጩማና አልጋ የሚሰሩ እንጨት ቤቶች ያልገባሁበት የለም ማለት ይቻላል፣ እና ባለቤቶቹ ስለ ደህንነት ስናወራ ቶሎ የሚሉኝ "ጓንት እንገዛላቸዋለን በቃ" ነው። በቃ አይደለም። ጓንት የመጨረሻው ነገር ነው፣ የመጀመሪያው ሰራተኛው በሚነካው እቃ ላይ ኮረንቲ እንዳይኖር ማድረግ ነው።

ለምን እንዲህ እንደምል ልንገራችሁ። ከተወሰነ አመት በፊት አንድ እንጨት ቤት ውስጥ አንድ ልጅ የመሰንጠቂያውን ዲናሞ ከፍቶ ሽቦ እያሰረ ነበር፣ ብሬከሩን ራሱ አጥፍቶ ነው የጀመረው፣ ጥፋቱ የሱ አልነበረም። ብሬከሩ ያለው ግን ከግድግዳው ወዲያ ነው። ሌላኛው ሰራተኛ ከምሳ ሲመለስ መብራት የለም፣ ብሬከሩ ወርዶ አገኘው፣ ራሱ የወደቀ መስሎት ቀና አደረገው። ልጁ ተርፏል፣ እግዚአብሄር ይመስገን፣ ግን ሁለት ጣቱ እስካሁን በደንብ አይታጠፍም። ከዛ ወዲህ የትም ቤት ስገባ መጀመሪያ የማወራው ብሬከሩን ስለሚቆልፍ ጓጉንቸር ነው።

1. መጀመሪያ ቤቱን ዙሩት

አንድ ጠዋት ስራ ሳይጀመር ከአንድ ኤሌክትሪሺያን ጋር ሆናችሁ ከቆጣሪው እስከ መጨረሻው ሶኬት ድረስ ሂዱ። የተላጠ ገመድ፣ በናስትሮ የተጠቀለለ ቅጥያ፣ ስፒና የሌለው ሽቦው በቀጥታ ሶኬት ውስጥ የተሰካ፣ የተሰበረ ማብሪያ ማጥፊያ፣ መሬት ለመሬት የተጎተተ ኤክስቴንሽን፣ ክዳን የሌለው የብሬከር ሳጥን፣ ያያችሁትን ሁሉ ፃፉ። ሲነካ የሚሞቅ ስፒና ወይ ገመድ ካለ የዛኑ ቀን ይቀየር፣ ጭነቱን አልቻለውም ማለት ነው። ባልቦላ (ፊውዝ) ሲቃጠል በወፍራም ሽቦ ያሰራችሁ ካላችሁ ደግሞ እባካችሁ ዛሬውኑ አስፈቱት።

2. ግራውንድ እና የሰው መከላከያው ብሬከር

ይሄን ብዙ ሰው ስለማያውቀው ትንሽ ላስረዳ። ተራው ብሬከር ሰው አያድንም፣ እሱ የተሰራው ገመዱ እንዳይቃጠል ነው። 16 አምፔር የተፃፈበት ብሬከር ከ16 አምፔር በላይ ካላለፈ ዝም ነው የሚለው፣ ሰውን ለመግደል ግን ከ1 አምፔር አንድ አስረኛው እንኳን ይበቃል። የእኛ መብራት 220 ቮልት ነው፣ ሶስት ፌዙ 380፣ እና ሰውነቱ በላብ ወይ በዝናብ የራሰ ሰው ፌዝ (ኮረንቲ ያለበትን ሽቦ) ቢነካ ከ0.2 አምፔር በላይ ሊያልፍበት ይችላል። ብሬከሩ አያውቅም፣ ሰውየው ግን ተይዟል፣ ጡንቻው ስለሚኮማተር እጁን እንኳን መልቀቅ አይችልም።

ስለዚህ ሁለት ነገር ያስፈልጋል። አንደኛው ግራውንድ ነው፣ የማሽኑ ብረት በሙሉ በአረንጓዴና ቢጫው ሽቦ መሬት ከተቀበረው ዘንግ ጋር መያያዝ አለበት፣ ዲናሞው ውስጥ ሽቦ ተልጦ ብረቱን ቢነካ ኮረንቲው በሰራተኛው በኩል ሳይሆን በዚህ በኩል እንዲሄድ። ብዙ ቤት ዘንጉ አለ ግን ሽቦው ተበጥሷል ወይ ከነጭራሹ አልታሰረም፣ በመሳሪያ አስለኩት እንጂ በአይን አትመኑ። ሁለተኛው 30 ሚሊ አምፔር የሚለው፣ መፈተሻ ቁልፍ ያለው ብሬከር ነው። እሱ የሄደውና የተመለሰው ኮረንቲ እኩል ካልሆነ ወደ ሰው እየፈሰሰ ነው ብሎ በቅፅበት ይቆርጣል። ቁልፉን በወር አንዴ ተጫኑት፣ ካልወደቀ አይሰራም ማለት ነው፣ አስቀይሩት። ግን አንድ ሰው ፌዝና ኒውትራሉን (የመመለሻውን ሽቦ) በሁለት እጁ ከያዘ እሱም አያውቅለትም፣ ተማምናችሁ እንዳትዘናጉ።

3. አጥፉ፣ ቆልፉ፣ ፈትሹ

ማሽን ሲጠገን፣ ሲፀዳ፣ ምላጭ ሲቀየር፣ ቀበቶ ሲገባ፣ ሁሌም ብሬከሩ ይወርዳል፣ የብሬከሩ ሳጥን በጓጉንቸር ቁልፍ ይቆለፋል፣ ቁልፉ የሚሰራው ሰው ኪስ ውስጥ ይገባል። ከባልደረባው ጋር አይቀመጥም፣ ከባለቤቱም ጋር አይቀመጥም፣ ኪሱ ውስጥ ነው። ሁለት ሰው ከሰራ ሁለት ጓጉንቸር። በላዩ ወረቀት ይሰቀላል፣ "ሰው እየሰራ ነው፣ አትንኩ" የሚል፣ በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም ፃፉት፣ ጅማ ላይ ሰራተኛው ሁሉ አንድ ቋንቋ ብቻ አያነብም።

ከዛ በቴስተር ይፈተሻል። መጀመሪያ ቴስተሩን መብራት ያለበት ሶኬት ላይ ሞክሩት፣ ቀጥሎ የምትሰሩበት ላይ፣ ከዛ ተመልሳችሁ መብራት ያለበት ላይ፣ ምክንያቱም የሞተ ቴስተር ሁሉንም "የለም" ነው የሚለው።

መብራት ሲጠፋ ጠብቆ መስራት የሚባለውን ልማድ ተዉት። መብራት መቼ እንደሚመጣ ማንም አይነግራችሁም። ጀነሬተር ያላችሁ ደግሞ ማቀያየሪያ ስዊች ሳታስገቡ ሶኬት ላይ አትሰኩት፣ ኮረንቲው ወደ መስመሩ ተመልሶ ፖል ላይ የወጣውን የመብራት ሀይል ሰራተኛ ሊገድል ይችላል፣ እሱ መስመሩ ጠፍቷል ብሎ ነው የወጣው።

4. አሁን ጓንቱ

ገበያ ላይ ያለው የእቃ ማጠቢያ ጎማ ጓንት የኤሌክትሪክ ጓንት አይደለም፣ የብየዳ ቆዳ ጓንትም አይደለም። ትክክለኛው ላዩ ላይ ክላስና ቮልት ይፃፍበታል፣ ክላስ 00 እስከ 500 ቮልት፣ ክላስ 0 እስከ 1000 ቮልት ነው፣ እኔ ለወርክሾፕ ክላስ 0 እመርጣለሁ። በላዩ የቆዳ ጓንት ይደረብበታል፣ ጎማው እንዳይወጋ። ከመልበስ በፊት አፉን ጠቅልላችሁ አየር አሲዙትና ጆሮ ላይ አድርጉ፣ ትንሽ እንኳን ሽው ካለ ይጣል። በየ6 ወሩ መፈተሽ አለበት፣ የሚፈትሽ ካላገኛችሁ አዲስ ግዙ።

የቀረው ቀላል ነው፣ ጎማ ሶል ያለው ምስማር ያልወጣበት ደረቅ ጫማ፣ እጀታቸው 1000 ቮልት የተፃፈበት ፒንሳና ካቻቢቴ፣ ሄልሜት፣ መነፅር፣ የብሬከር ሳጥኑ ስር የሚነጠፍ የጎማ ምንጣፍ፣ የጥጥ ቱታ (ናይሎን ሲቃጠል ቆዳ ላይ ይለጠፋል)። ቀለበትና ሰአት ይወልቃል። መሰላል የእንጨት ወይ የፋይበር ይሁን፣ የብረት አይሁን።

ወጪው የናንተ ነው፣ በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀፅ 92 መሰረት የመከላከያ እቃ ማቅረብም አጠቃቀሙን ማስተማርም የአሰሪው ግዴታ ነው።

5. የጅማ ዝናብ

እኛ ጋ ደረቅ ወር ትንሽ ነው፣ ስለዚህ እርጥበቱን አስቡበት። እሸት ቡና የሚታጠብበት ቦታ ላይ ያለ ፓምፕና ማብሪያ ውሃ የማያስገባ ሳጥን ይኑረው፣ ከወለሉም ከፍ ይበል። ዝናብ ላይ ብየዳ ይቁም፣ የብየዳ ዘንግ በራሰ ጓንት አይቀየር። ቆርቆሮና ረጅም ብረት ስታነሱ ቀና ብላችሁ እዩ፣ የ15 ኪሎ ቮልቱ መስመር ሳይነካም ሊዘል ስለሚችል ቢያንስ 3 ሜትር ራቁ።

6. ሰው ከተያዘ

አትንኩት። መጀመሪያ ዋናውን ብሬከር አውርዱ፣ ለዚህ ነው ሁሉም ሰራተኛ ቦታውን ማወቅ ያለበት፣ ከፊቱም ጆንያ አይደረደርም። ብሬከሩ ሩቅ ከሆነ ደረቅ ነገር ላይ ቆማችሁ በደረቅ እንጨት ግፉት፣ የፖል መስመር ከሆነ ግን እንጨቱም አያድንም፣ ራቁና መብራት ሀይል ያጥፋው። ውሃ አትድፉበት። የማይተነፍስ ከሆነ ደረቱን መሀል ላይ በደቂቃ 100 እስከ 120 ጊዜ ጠንከር አድርጋችሁ ተጫኑ፣ እርዳታ እስኪደርስ አታቁሙ፣ ሌላው ሰው 907 ይደውል፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ ነው። እሳት ከተነሳ ደግሞ በዱቄት ወይ በካርቦንዳይኦክሳይድ ማጥፊያ እንጂ በውሃ አይሆንም።

ተነስቶ "ደህና ነኝ" ቢልም ሆስፒታል ውሰዱት፣ ውስጡ ሊቃጠል ይችላል፣ ልቡም በኋላ ሊዛባ ይችላል። አደጋውን መዝግባችሁ ለስራ ተቆጣጣሪው አሳውቁ፣ ማሽኑን ደግሞ ኮረንቲው በየት በኩል እንደወጣ ሳይታወቅ ማንም እንዳያስነሳው ያው ጓጉንቸር ይቆለፍበት።