የውስጡ መቀነት፦ የሆድ ጡንቻን ስናጠነክር ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ማለዳ ደሴ ላይ፣ ወደ ጦሳ ተራራ በሚያወጣው ዳገት፣ ሁለት ሰዎችን አዘውትሬ አያለሁ። አንደኛው ወጣት ነው፤ ሳሩ ላይ በጀርባው ተንጋሎ፣ ጓደኛው እግሩን ይዞለት፣ እስከ መቶ እየቆጠረ ሲት አፕ ይሠራል። ሁለተኛዋ ሃያ ሊትር ውሃ በጀሪካን አዝላ የምትወጣ እናት ናት። ጀሪካኑን ከማንሣቷ በፊት ቆም ትልና መቀነቷን ታጠብቃለች፤ ከዚያ ትነሣለች። የሰውነት ማጎልመሻ አስተማሪ ሆኜ ይህን ያህል ዘመን ስለ ሆድ ጡንቻ ሳስረዳ ከዚህች እናት የተሻለ ማሳያ አላገኘሁም። የሆድ ጡንቻ ሰውነትን ከማጠፍ ይልቅ ወገብን ማሰር ይበልጥ ሥራው ነው። በተማሪዎቼም በጎረቤቶቼም ላይ የማያቸው ስህተቶች አብዛኞቹ ይህን ከመርሳት ይጀምራሉ።

የሚታየውን ጡንቻ ብቻ ማሠራት

የሆድ ጡንቻዎች እንደ ልብስ የተደራረቡ ናቸው። ከጎድን አጥንቶች ጫፍ ተነሥቶ እስከ ዳሌ አጥንት ፊት ለፊት ቁልቁል የሚወርደው ሬክተስ አብዶሚኒስ ይባላል፤ ወጣቶቹ ሲክስ ፓክ የሚሉት እሱን ነው። ግራና ቀኝ ጎናችን ላይ በሰያፍ የተጋደሙት ሁለት ንብርብሮች ኦብሊክ ይባላሉ፤ ሰውነት እንዲዞር ያደርጋሉ፣ ሸክም ወደ አንድ ጎን ሲጎትተን ደግሞ እንዳንጣመም ይይዙናል። ከሁሉም ሥር ያለው ትራንስቨርሰስ አብዶሚኒስ ነው። እሱ ከጀርባ ተነሥቶ ሆድን ዙሪያውን የሚጠመጠም፣ እውነተኛ የውስጥ መቀነት ነው። ከላይ የመተንፈሻው ድያፍራም፣ ከታች ሽንትን ለመያዝ የምንሰበስባቸው የዳሌ ወለል ጡንቻዎች፣ ከኋላ የአከርካሪ ትንንሽ ጡንቻዎች አብረውት ሲጠብቁ፣ ሆድ ውስጥ የሚፈጠረው ግፊት አከርካሪውን ከፊት ደግፎ ያቆመዋል።

ፖል ሆጅስ እና ካሮሊን ሪቻርድሰን የተባሉ የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1996 ባሳተሙት ጥናት አንድ የሚያስገርም ነገር አሳይተዋል። ጤነኛ ሰው ክንዱን ብቻ ሲያነሣ፣ የክንዱ ጡንቻ ገና ሥራ ሳይጀምር ይህ የውስጥ መቀነት ቀድሞ ይጠብቃል። ወገባቸውን የሚያማቸው ሰዎች ላይ ግን ዘግይቶ ነው የሚነቃው። ይህን ለተማሪዎቼ ስነግር ሁሉም እጃቸውን ሆዳቸው ላይ አድርገው ሌላውን ክንዳቸውን ያነሣሉ። እናንተም ሞክሩት። ከሱጁድ መነሣት፣ በዐቢይ ጾም ስግደት ወርዶ መቃናት፣ ማሳል፣ ማማጥ፣ ጆንያ ማንሣት፣ ሁሉም በዚህ ጡንቻ ላይ ይቆማሉ።

ቦርጭን በሲት አፕ ለማጥፋት መድከም

ስብ የቆዳ ሥር ወይም የአንጀት ዙሪያ ክምችት ነው፤ ጡንቻ ሌላ ነገር ነው። ሰውነት ስብ ሲያቃጥል ከመላ አካል ይቀንሳል እንጂ ከምናሠራው ቦታ ብቻ መርጦ አይወስድም። ቦርጭ የሚቀንሰው አመጋገብ ሲስተካከል፣ እንቅልፍ ሲሞላ፣ እግር ሲሄድ ነው። ደሴን የመሰለ ዳገት ያለበት ከተማ ውስጥ እየኖርን በእግር የሚኬደውን ሁሉ በባጃጅ መሄዳችን ያሳዝነኛል።

ከአልጋ እንደተነሡ መቶ ሲት አፕ

ይህ ላይ ረዘም ብዬ ልቆይ፤ ብዙ ወገብ የተጎዳው እዚህ ላይ ነው። በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያሉት ዲስኮች ሌሊት ሸክም ስለሌለባቸው ውሃ መጥጠው ያብጣሉ። ጠዋት ከማታው ትንሽ ረዝመን የምንነሣው ለዚህ ነው። በዚያ ሰዓት ዲስኩ እንደተወጠረ ኳስ ስለሆነ ወገብን ሙሉ በሙሉ ማጠፍ ከሌላው ሰዓት የበለጠ ይጫነዋል። ቢያንስ አንድ ሰዓት ያህል ቆሙ፣ ተራመዱ፣ ቁርሳችሁን አዘጋጁ፤ ከዚያ ብትሠሩ ምንም አይቀርባችሁም።

ጓደኛ እግር ሲይዝ ደግሞ ሌላ ችግር ይጨመራል። ጭንን ወደ ላይ የሚያነሣው ጡንቻ ከወገብ አከርካሪ ላይ የሚጀምር ነው። እግር ሲያዝ ሥራውን እሱ ይረከብና አከርካሪውን ወደ ፊት እየጎተተ ሰውየውን ያስነሣዋል። ወጣቱ ሆዴን አሠራሁ ይላል፤ የደከመው ግን ጭኑና ወገቡ ነው። እኔም በተማሪነቴ መምህራችን በሰዓት ይዞ እያስቆጠረን ስንሠራ፣ ማታ ጫማዬን ለማሰር ጎንበስ ማለት ያቃተኝን ቀን አልረሳውም። የአሜሪካ ምድር ጦር እንኳ ወታደሮቹን ለአሠርት ዓመታት በሁለት ደቂቃ ሲት አፕ ሲፈትን ቆይቶ ትቶታል፤ እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ የሆድ ጥንካሬን የሚለካው በፕላንክ፣ ማለትም በክርንና በእግር ጣት ተደግፎ ሰውነትን ቀጥ አድርጎ በመያዝ ነው።

በምትኩ ምን ይሠራ? የአከርካሪን አሠራር ሲያጠኑ የኖሩት የካናዳው የዋተርሉ ዩኒቨርሲቲ የቀድሞ ፕሮፌሰር ስቱዋርት ማክጊል ሦስት እንቅስቃሴዎችን ያስቀድማሉ፤ እኔም እነሱኑ አሠራለሁ። የመጀመሪያው በጀርባ ተኝቶ የሚሠራ ነው። አንዱን ጉልበት አጥፎ ሌላውን እግር መዘርጋት፣ ሁለቱን መዳፎች ከወገብ ጎድጓዳ ሥር ማስገባት፣ ከዚያ ጭንቅላትንና ትከሻን ከመሬት ጥቂት ብቻ ማላቀቅ፤ ወገብ መዳፎቹን መጫንም መልቀቅም የለበትም። ሁለተኛው የጎን ፕላንክ ነው፤ በጎን ተጋድሞ በክርንና በጉልበት ዳሌን ከመሬት ማንሣት። የጠነከረ ሰው በጉልበቱ ፈንታ በእግሩ ጫፍ ይደገፍ። ሦስተኛው በእጅና በጉልበት ተንበርክኮ ቀኝ እጅንና ግራ እግርን አንድ ላይ መዘርጋት፣ ከዚያ ማቀያየር ነው። ጀርባ ላይ ውሃ የሞላ ሲኒ ቢቀመጥ የማይፈስበት ያህል መርጋት አለበት። እያንዳንዱን 10 ሰከንድ ያህል እየያዛችሁ ስድስት ጊዜ ሥሩ፣ ዕረፍት፣ አራት ጊዜ፣ ዕረፍት፣ ሁለት ጊዜ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች በሳምንት ቢያንስ ሁለት ቀን ጡንቻ የሚያጠነክር እንቅስቃሴ ይመክራል፤ እነዚህን ሦስቱን ግን የለመደ ሰው በየቀኑም ሊሠራቸው ይችላል።

ፕላንክን ለሰዓት መዝገብ ብሎ ማራዘምም ስህተት ነው። ወገቡ ከረገበ በኋላ ሁለት ደቂቃ የቆየ ሰው ጡንቻው ለቆ አጥንቱ ላይ ተንጠልጥሏል። ያኔ አውርዱት።

ትንፋሽ መዝጋት

ፊታቸው ቀልቶ፣ የአንገታቸው ሥር ተገትሮ የሚሠሩ አሉ። ትንፋሽ ታፍኖ ሲገፋ የደም ግፊት በቅጽበት ይወጣል፤ ግፊት ወይም የልብ ሕመም ላለበት ሰው አደገኛ ነው። ከዚህም በላይ፣ መቀነቱ እየተነፈሱም ጠብቆ መቆየትን መማር አለበት፤ ጀሪካን አዝላ ዳገት የምትወጣ እናት ትንፋሿን ዘግታ አትደርስም። እኛ ወሎዬዎች ባቲና አምባሰልን የመሰለ ቅኝት የወጣበት አገር ልጆች ነን። ስለዚህ አሠራሬ ቀላል ነው፤ ፕላንክ ላይ ሆነው በባቲ ቅኝት እንዲያንጎራጉሩ አደርጋለሁ። ዜማው ከተቋረጠ ትንፋሹ ታፍኗል፤ ያርፋሉ።

ዐራስ እናትን እንደማንኛውም ሰው ማሠራት

በእርግዝና ጊዜ ሬክተስን መሃል ለመሃል የሚያገናኘው ነጭ ጅማት ይለጠጣል፣ ጡንቻው ግራና ቀኝ ይከፈታል። ተፈጥሮ ናት፤ ብዙውን ጊዜ ከወሊድ በኋላ ባሉት ወራት ራሱ ይጠባል። ስህተቱ ሆዴ ይግባ ብሎ ቶሎ ሲት አፕ መጀመር ነው። ያልገጠመ ጡንቻ ሲታጠፍ መሃሉ እንደ ድንኳን ይሾልና ክፍተቱ ላይ ይገፋል። እህቶቼ፣ በጀርባችሁ ተኝታችሁ፣ ጉልበታችሁን አጥፋችሁ፣ ጭንቅላታችሁን ቀና ስታደርጉ እምብርት አካባቢ ከሁለት ጣት የሰፋ ክፍተት ካገኛችሁ ወይም መሃሉ ከሾለ፣ ሐኪም ወይም ፊዚዮቴራፒስት ይያችሁ። በቀዶ ሕክምና የወለደች ደግሞ ሐኪሟ ሳይፈቅድላት አትጀምር።

ሆድን በመቀነት ማሰር የእናቶቻችን ጥበብ ነው፤ አልነቅፈውም፣ ዐራሷን ይደግፋታል፣ ስትነሣ ያሳርፋታል። ነገር ግን የውጪው መቀነት የውስጡን አያጠነክረውም፤ ከመጠን በላይ ከጠበቀም ግፊቱን ወደ ታች፣ ወደ ዳሌ ወለል ይገፋዋል። የውስጡን ለማንቃት ቀላሉ መንገድ ትንፋሽ ነው። በጎን ተጋድሞ በረጅሙ እያወጡ፣ ሽንት እንደሚይዙ ያህል ከታች በቀስታ መሰብሰብ፣ እምብርትን ወደ ውስጥ መሳብ፣ ትንፋሽ ሲገባ መልቀቅ። ይህ ከባድ ነገር ስላልሆነ ብዙዎች ይንቁታል። መጀመሪያ የሚመለሰው ግን እሱ ነው።

ምንጣፍ ላይ ጎብዞ ቀኑን ሙሉ መርሳት

ሩብ ሰዓት በትክክል ሠርቶ ቀሪውን ቀን ወገቡን አጥፎ የሚያነሣና የሚያወርድ ሰው ጥቅሙን ያባክናል። በአካባቢያችን በቃሉና በተሁለደሬ ወረዳዎች ጤፍ ሲታጨድ ጎንበስ እንዳሉ ረጅም ሰዓት ይዋላል። ለረጅም ጊዜ ታጥፎ የቆየ ወገብ ጅማቶቹ ይላላሉ፤ በዚያው ቅጽበት ነዶ ወይም ሕፃን ቢነሣ ወገብ ይቀጫል። ቀና ብሎ አንድ ሁለት ደቂቃ መንጎራደድ ይበቃል፣ ከዚያ ማንሣት። ስታነሡም ከዳሌና ከጉልበት ጎንበስ በሉ፣ ዕቃውን ወደ ሆዳችሁ አስጠጉት፣ መቀነቱ ይጥበቅ። ጀሪካን በአንድ እጅ የሚሸከም ሰው ቀጥ ብሎ ከተራመደና እጁን ካቀያየረ፣ ጎኑ ላይ ላሉት ጡንቻዎች ጂም ውስጥ የማይገኝ ስፖርት ነው የሚሠራው። ወደ ጎን ከተጣመመ ግን ሸክሙ በዝቶበታል፤ ግማሹን ያጉድለው።

ሕመምን በስፖርት ማሸነፍ

የጡንቻ ድካም በሁለት ሦስት ቀን ይለቃል። ወደ እግር የሚወርድ ሕመም፣ መደንዘዝ፣ እግር መክዳት፣ ብሽሽት ወይም እምብርት ላይ የሚያብጥ ነገር ግን ስፖርት አቁሞ ሆስፒታል መሄድን ይጠይቃል። ሽንት ወይም ሰገራ መቆጣጠር ካቃተ፣ በዚያው ቀን።

ለውጡን በሜትር ወይም በመስታወት መለካትም ሰውን ቶሎ ተስፋ ያስቆርጣል። አብረውኝ የሚሠሩ አንድ ሽማግሌ አሉ፤ አያ እያልን ነው የምንጠራቸው። ሲጀምሩ ከሶላት ሲነሡ ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ተጭነው ነበር የሚቃኑት። እሳቸው የሚቆጥሩት ይህንኑ ነው። ሦስተኛው ወር ላይ አንድ እጅ ቀረ። ባለፈው አርብ ከመስጊድ ሲመለሱ መንገድ ላይ አስቆሙኝና ሁለቱንም መዳፎቻቸውን ዘርግተው አሳዩኝ።