የሮክ ኮንሰርት ቀረጻ፦ ኤዲት ላይ የሚወጡ ችግሮች፣ ምክንያታቸውና መፍትሄያቸው

ኮንሰርት አይደገምም። ድራመሩን «ቆይ፣ ካሜራዬ አልተነሳም፣ እንደገና ጀምር» አይሉትም። ስለዚህ ለቪዲዮ በሚወጣ የሮክ ኮንሰርት ላይ ጥፋቱ የሚታወቀው ከቀናት በኋላ ነው፣ ኤዲተሩ ቁጭ ሲል። አብዛኛው ግን ሳውንድ ቼክ (ከኮንሰርቱ በፊት የሚደረገው የድምፅ ሙከራ) ላይ መያዝ ይችል ነበር። በጣም ከሚያንገበግበው ልጀምር።

የድምፃዊው ከንፈርና ድምፁ አልገጥም አለ

መጀመሪያ አንድ ነገር ለዩ። ልዩነቱ ከዳር እስከ ዳር እኩል ነው? ወይስ እየቆየ ይሰፋል? የመጀመሪያውን ዘፈንና የመጨረሻውን ጎን ለጎን እዩ።

እኩል ከሆነ ምክንያቱ ርቀት ነው። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ይጓዛል። ከመድረኩ 34 ሜትር ርቆ የቆመ ካሜራ በራሱ ማይክ የሚቀዳው ድምፅ አንድ አስረኛ ሰከንድ ዘግይቶ ነው የሚደርሰው። በሰከንድ 25 ፍሬም ስትቀርጹ ይህ ሁለት ፍሬም ተኩል ነው። ምስሉ ግን አልዘገየም። የኤዲት ሶፍትዌሩ የካሜራውን ድምፅ ከሚክሰሩ (ከድምፅ ማቀላቀያው) ድምፅ ጋር ሲያገጥም ክሊፑን ቀደም ወዳለ ጊዜ ይስበዋል፤ ከንፈሩ ከድምፁ ቀድሞ ይንቀሳቀሳል።

መፍትሄው ሶፍትዌሩ ከሚያሳየው የድምፅ ሞገድ ይልቅ ምስሉን ማመን ነው። ድራመሩ የሚታይበት ቦታ ፈልጉ። ፍሬም በፍሬም ሂዱ። ዱላው ስኔሩን (ጥርት ያለ ምት የሚሰጠውን ትንሹን ከበሮ) የሚነካባት አንዲት ፍሬም አለች። እሷን ስኔሩ ላይ ከተጠመደው ማይክ ምት ጋር አገናኙ። የቀረው ይከተላል።

ልዩነቱ እየሰፋ የሚሄድ ከሆነ ደግሞ የሰዓት ጉዳይ ነው። እያንዳንዱ ካሜራና የድምፅ መቅጃ የራሱ ሰዓት አለው፤ ሁለት ሰዓቶች ደግሞ ፍጹም እኩል አይሄዱም። እዚህ ጋ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ታይምኮድ በየፍሬሙ ላይ የሰዓት ቁጥር ይለጥፋል እንጂ የካሜራውን ፍጥነት አይቆልፍም። ፍጥነቱን የሚቆልፈው ጄንሎክ ነው፤ ካሜራዎቹን ሁሉ በአንድ ምልክት እኩል የሚያስኬድ ግንኙነት። በጄንሎክ የሚያያዙ ካሜራዎች ከሌሏችሁ ረጅሙን ክሊፕ በዘፈኖች መሃል ባለው ክፍተት እየቆረጣችሁ ለየዘፈኑ እንደ አዲስ አገጣጥሙት። አሰልቺ ነው፣ ግን ይሠራል።

ድምፃዊው ጎልቶ ይሰማል፣ ጊታሩ የለም

ምክንያቱ የአዳራሹን ሚክስ (ለአዳራሹ ድምፅ ማጉያዎች የተቀላቀለውን ድምፅ) በቀጥታ መቅዳታችሁ ነው። ያ ሚክስ የተሠራው እዚያው ለቆመ ሰው ነው። በተለይ አነስተኛ አዳራሽ ውስጥ የጊታር አምፕሊፋየሩና ድራሙ ከመድረኩ በቀጥታ ስለሚሰሙ ባለሙያው ሚክሰሩ ላይ ዝቅ ያደርጋቸዋል። ልክ ነው፣ ለአዳራሹ።

መፍትሄው የየማይኩን ድምፅ ከሚክሰሩ በፊት አካፍሎ ለየብቻው መቅዳት ነው። የቀረጻው ጥራት 48 ኪሎኸርዝ፣ 24 ቢት ይሁን። ከጎኑ ለመጠባበቂያ ሁለተኛ መቅጃ ይሩጥ። ታዳሚው ላይም ማይክ ጥመዱ፤ አለበለዚያ ሺህ ሰው እየዘፈነ ቪዲዮው ባዶ ክፍል ውስጥ የተቀረጸ ይመስላል። ዕድሉ ካለፈና በእጃችሁ ያለው የአዳራሹ ሚክስ ብቻ ከሆነ፣ ከኋላ የቆመውን ካሜራ ድምፅ በዘገየበት ልክ ቀደም ወዳለ ጊዜ ስባችሁ ቀላቅሉት። ጊታሩ እዚያ ውስጥ አለ።

ፊቱ ነጭ ሆኗል፣ ወይም ሰውየው ሰማያዊ ጥላ ብቻ ነው

ነጭ የሆነው አውቶማቲክ ስለተጠቀማችሁ ነው። ካሜራው ጥቁሩን ኋላ አይቶ ብርሃን ይጨምራል፤ ስፖት ላይቱ ያረፈበት ፊት ይቃጠላል። ኤክስፖዠር (የሚገባው ብርሃን መጠን) እና ዋይት ባላንስ (የነጭ ቀለም ማስተካከያ) በእጅ ይሁን፣ ዋይት ባላንሱ በሁሉም ካሜራ አንድ ዓይነት። ብርሃኑን በፊቱ ለኩ፤ ኋላው ይጨልም።

ሰማያዊው የባሰ ነው። የኤልኢዲ መብራት አንዱን ቀለም ብቻውን ሲለቅ የካሜራው ሰማያዊ ቻናል ሞልቶ ይፈሳል፣ ጠቅላላው መለኪያ ግን ደህና ነው ይላችኋል። ሦስቱን ቀለሞች ለየብቻ የሚያሳየውን መለኪያ ክፈቱ። ከዚያ የመብራት ዲዛይነሩን በትህትና አነጋግሩ። ሰማያዊው ትንሽ ይቀንስ፣ ከፊት ለፊት ለስላሳ ነጭ ይጨመር። ይህን ውይይት የሚዘሉ ሰዎች ኤዲት ላይ ይጸጸታሉ።

ከኋላ ያለው ስክሪን መስመር ያወርዳል

የካሜራው ሹተር (እያንዳንዱ ፍሬም ብርሃን የሚቀበልበት ጊዜ) እና የስክሪኑ ብልጭታ አልተስማሙም። ሹተሩን በጥቃቅን ደረጃ እየቀየራችሁ መስመሩ የሚቆምበትን ፈልጉ። ስክሪኑ ግን ማታ በሚበራበት ድምቀት ላይ መሆን አለበት፤ ሲደበዝዝ ብልጭታውም ሊቀየር ይችላል። ስትሮብ (ብልጭ የሚል የመድረክ መብራት) ሲበራ ግማሽ ፍሬም ብቻ የሚነጣ ከሆነ ሴንሰሩ ምስሉን መስመር በመስመር ስለሚያነብ ነው። ግሎባል ሹተር ያለው፣ ማለትም ሙሉውን ምስል በአንድ ጊዜ የሚይዝ ካሜራ ከሌለ ያቺን ፍሬም ኤዲት ላይ በሌላ ካሜራ ሸፍኗት።

የሩቁ ሾት ይንቀጠቀጣል

ትራይፖዱ ታዳሚው በሚዘልበት ወለል ላይ ነው። ካሜራው ማንም የማይረግጠው የራሱ መቆሚያ ይሠራለት።

ሶሎው ተጀምሯል፣ ጊታሪስቱን የያዘ ካሜራ የለም

ዳይሬክተሩ ዘፈኑን አያውቀውም። ለእኔ ከሁሉም የሚያሳዝነው ይሄ ነው፤ በገንዘብ አይፈታማ። መፍትሄው ወረቀት ነው። ለየዘፈኑ አንድ ገጽ፦ «ከሁለተኛው አዝማች በኋላ 16 ባር ሶሎ፤ ካሜራ 3 ግራ እጁን፣ ካሜራ 5 ሙሉ ቁመናውን።» ረዳቱ ባሩን (የሙዚቃውን የምት ክፍል) በኢንተርኮም ይቆጥራል፤ ካሜራማኑ 4 ባር ሲቀረው ቦታውን ይዟል። ዳይሬክተሩ የመረጠውን ምስል ብቻ ሳይሆን እያንዳንዱ ካሜራ የሚያየውን ሁሉ ለየብቻ ቅዱ።

ከተቻለ ሁለት ምሽት ቅረጹ፤ ባንዱም አንድ ዓይነት ልብስ ይልበስ። የእንግሊዙ የሮክ ባንድ ሌድ ዘፔሊን እ.ኤ.አ. በ1973 ኒው ዮርክ፣ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን ሦስት ምሽት ተቀርጾ እንኳ ክፍተት ተገኘ። በቀጣዩ ዓመት እንግሊዝ፣ ሼፐርተን ስቱዲዮ ውስጥ መድረኩን አስመስለው ሠርተው የጎደለውን ቀረጹ። ቤዚስቱ ጆን ፖል ጆንስ ፀጉሩን ተቆርጦ ስለነበር ዊግ ማድረግ ነበረበት።

የመጨረሻው ዘፈን በሁለት ካሜራ ብቻ ተቀርጿል

ሁሉም በአንድ ጊዜ ስለጀመሩ ካርዳቸው በአንድ ጊዜ ሞላ። የካርድ መቀየሪያውን ሰዓት በየካሜራው አፈራርቁ፤ ጸጥ ባለ ዘፈን ላይ፣ አንድ በአንድ። ባንዱ ተሰናብቶ ቢወርድም ቀረጻ አታቁሙ። ታዳሚው እየጮኸ ነው፣ የአዳራሹ መብራት ገና አልበራም፣ ይመለሳሉ።